ውድ የስፒከር ገመድ ድምፅ ይለውጣል? ሳያዩ በጆሮ ብቻ እንዴት እንደሚፈተሽ

ገመድ ቀይሮ «ድምፁ ተከፈተ» የሚል ሰው በደሴም በኮምቦልቻም አይጠፋም። ብዙ ጊዜም ልዩነቱን በእርግጥ ሰምቷል፤ ምክንያቱ ግን የገመዱ ስም አይደለም። አሮጌው ሲነቀል የዛገው ጫፍ ይፋቃል፣ የላላው ብሎን ይጠብቃል፣ ተገልብጦ የኖረው ፕላስና ማይነስ ይስተካከላል። ከሁለት ስፒከር የአንዱ ፕላስና ማይነስ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም ከመሃል ሳይሆን ከየትም የሚመጣ ይመስላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አሮጌውን ገመድ ይንቀሉ፣ ጫፉን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው እንደገና ይላጡት፣ መልሰው በካቻቪቴ ያጥብቁት። ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቃል።

ለቀረው ግማሽ ፈተናው ይህ ነው።

1. ገመዶቹን ያዘጋጁ። ውዱን «ሀ» ይበሉት። ለ«ለ» ከፒያሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ በርዝመት እኩል የሆነ ባለ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ተጣጣፊ የመዳብ ገመድ ያስቆርጡ። ከመክፈልዎ በፊት አንዷን ክር በምላጭ ይፋቁ፤ ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነውና ይመልሱት።

ውፍረቱ ለምን? የ2.5 ካሬ መዳብ ተቃውሞ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው፣ በኦም የሚለካው) በሜትር 0.0074 ኦም ገደማ ነው። 10 ሜትር ገመድ ደርሶ መልሱ 20 ሜትር ስለሆነ 0.15 ኦም ይሆናል፤ በ8 ኦም ስፒከር ላይ የሚያስቀረው 0.16 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። በዚያው ርቀት ባለ 0.5 ካሬ ቀጭን ገመድ 0.8 ዴሲቤል ያህል ይበላል፣ ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ደግሞ 1.5። ይህ በጆሮ ይለያል። መድኃኒቱ ግን ወፍራም ሽቦ እንጂ ውድ ሽቦ አይደለም። (ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ ገመዱ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ ተቃውሞው የሚጨምረው በ4 በመቶ ነው፤ የ0.15 ኦም 4 በመቶ ማን ይሰማዋል!)

2. መቀያየሪያውን ይሥሩ። ባለ ስድስት እግር መቀያየሪያ ያስፈልጋል። ሁለቱን የመሃል እግሮች ከአንድ ስፒከር ጋር፣ የላይኞቹን ከ«ሀ» ጫፍ፣ የታችኞቹን ከ«ለ» ጫፍ ጋር ይበይዱ። የሁለቱም ገመዶች ሌላ ጫፍ አምፕሊፋየሩ ላይ አንድ ላይ ይታሰራል፤ ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ። ብየዳውን በናስትሮ ይሸፍኑ። ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ስለሚችል ይህን ሁሉ ሲሠሩ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን።

ገመድ በእጅ እየነቀሉ መሰካት ለምን አይበቃም? አንድ ደቂቃ እስኪያልፍ ጆሮ የሰማውን ስለሚረሳ ነው። በመቀያየሪያ ግን ቅጽበት ነው።

3. ድምፁን ያስተካክሉ። ጥቂት የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ብዙ ፈተና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከስልክዎ የ100 ኸርዝ ድምፅ ያጫውቱና ስፒከሩ ላይ በቴስተር 2 ቮልት ኤሲ እስኪያሳይ ይክፈቱ። ከዚያ ቀያይረው ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.02 ቮልት መብለጥ የለበትም። ኤሲ ልኬቱ ከ200 ቮልት የሚጀምር ርካሽ ቴስተር እዚህ አይረዳም፤ የ2 ወይም የ20 ቮልት መስመር ያለው ይሁን።

4. ሙዚቃ ይምረጡ። እርስዎ ጠንቅቀው የሚያውቁት ይሁን። የማሲንቆ ፍትጊያ ለላይኛው ድምፅ፣ ከበሮና ጭብጨባ ያለው መንዙማ ለታችኛውና ለፈጣኑ ጥሩ ነው። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ አይሞክሩት።

5. ይፈትኑ። መጀመሪያ «ሀ»ንና «ለ»ን እያወቁ እስኪጠግቡ ያድምጡ። ከዚያ ረዳትዎ መቀያየሪያውን ይዞ ከመጋረጃ ጀርባ ይግባ። ሳንቲም ይወርውር፤ ዘውድ ከሆነ «ሀ»፣ ጎፈር ከሆነ «ለ»። የወጣውን በወረቀቱ ይጻፍ። ያው ገመድ ቢደገምም እጀታውን በየዙሩ ብዙ ጊዜ ላይ ታች እያለ የወጣው ላይ ያቁመው፤ ካልሆነ እርስዎ የሚቆጥሩት ጠቅታውን ነው። አይናገር፣ አይሳቅ፣ ከመጋረጃው አይውጣ። እርስዎም መልስዎን በራስዎ ወረቀት ይጻፉ። 16 ጊዜ ይደግሙታል፤ ወረቀቶቹ የሚተያዩት በመጨረሻ ብቻ ነው።

6. ውጤቱን ያንብቡ። ከ16ቱ 8፣ 9 ወይም 10 በትክክል ማግኘት ሳንቲም ከመወርወር አይለይም። 12 እና ከዚያ በላይ በግምት ብቻ የሚገኘው ከ100 ፈተና በ4 ያህሉ ነውና ያ ቁም ነገር አለው። የምትሃት ትርዒት አቅራቢው ጄምስ ራንዲ በ2007 እ.ኤ.አ. 7,250 ዶላር የሚያወጣ የስፒከር ገመድ ከተራው ለሚለይ 1 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ነበር፤ ገንዘቡን የወሰደ የለም።

12 ወይም ከዚያ በላይ ካገኙም ወደ ሱቅ አይሩጡ። «ሀ»ንና «ለ»ን በመቀያየሪያው ላይ ቦታ አቀያይረው 16ቱን ይድገሙ። የተሻለው ድምፅ ገመዱን ትቶ ከእግሩ ጋር ከቀረ፣ ጉዳዩ ያለው ብየዳው ላይ ነው።