ብርዱ ሳይወጣ ሜዳ የወጣ ቲማቲም፦ ችግሩና መፍትሄው

የብርዱ ወራት ሊያበቃ ሲል ሦስት አራት ቀን ሞቅ ያለ ፀሐይ ይወጣል። ይህችን ፀሐይ ያየ ሁሉ የቲማቲም ችግኙን ተሸክሞ ወደ ሜዳ ይሮጣል። ከሳምንት በኋላ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ጉድጓድ አቆፋፈርና ቦታ አመራረጥ ታውቃላችሁ፤ እሱን ልድገምላችሁ አልተነሣሁም። የምጽፈው ተተክሎ የታመመውን ችግኝ ምን እንደነካው ለመለየት ነው። ለዚህ ደግሞ አፈር ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። እሱን ያልያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ቢያነብ የሚያተርፈው ግምት ብቻ ነው።

የቅጠሉ ጀርባ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ችግኙም ባለበት ቆመ

ከሚደውሉልኝ ሰዎች የሚበዙት በዚህ ምክንያት ነው። የቅጠሉ ፊት ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ገልበጥ ስታደርጉት ጀርባው፣ በተለይም ደም ሥሮቹ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ለብሰዋል። ግንዱም ወደዚያው አዘንብሏል። አዲስ ቅጠል የለም፤ በተተከለበት ቀን የነበረው ቁመት ከአሥራ አምስት ቀን በኋላም ያው ነው።

መጽሐፍ የገለጠ ሁሉ «የፎስፈረስ እጥረት ነው» ይላል። አልተሳሳተም፤ ግን እጥረቱ ያለው በተክሉ ውስጥ ነው እንጂ በአፈሩ ውስጥ አይደለም። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ከቦታው እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ሥሩ ራሱ እያደገ ሄዶ ሊደርስበት ይገባል። የቲማቲም ሥር ደግሞ አፈሩ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲወርድ ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ እስከ 15 ድረስም ቢሆን የሚሠራው እየተጎተተ ነው። ቅጠሉ ቀን ቀን በፀሐይ ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩን ተቀብሎ የሚያድግ አካል ግን የለም። ሳይበላ የተከማቸው ስኳር አንቶሲያኒን የሚባለውን ወይን ጠጅ ቀለም ያበረታል። እናንተ የምታዩት እሱን ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ አባት ጠርተውኝ ሄድኩ። «ልጄ፣ ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ፣ ዳፕን፣ ስጨምር ይህ ሦስተኛዬ ነው፤ እንዲያውም እየባሰበት ሄደ» አሉኝ። መደቡ ላይ ጎንበስ ስል የማዳበሪያው ፍሬ ገና ሳይሟሟ በየግንዱ ዙሪያ ተኮልኩሎ ቁጭ ብሏል። ከላዩ ደግሞ ጣት ሙሉ የሚውጥ ወፍራም ጭድ ተጎዝጉዟል። ጭዱን ገለጥ አድርጌ ቴርሞሜትሩን 10 ሳንቲ ሜትር አስገባሁና ጠበቅሁ፦ 9 ዲግሪ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ምንም ያልለበሰው አፈር በዚያው ሰዓት 13 ነበር። «እንዳይበርደው ብዬ እኮ ነው ያለበስኩት» አሉ። አሳባቸው ደግ ነው፤ ነገር ግን ጉዝጓዝ የራሱ ሙቀት የለውም። ብርድ ልብስ የሞቀ ሰው ሲለብሰው ያሞቃል፤ በረዶ ሲጠቀለልበት ግን በረዶውን ከመቅለጥ ያድነዋል። ጭዱ ፀሐዩን ከአፈሩ ከልክሎ የብርዱን ወራት ቅዝቃዜ ይዞ አቆየላቸው።

ያደረግነው ይኼ ነው። ጭዱን ጠርገን አወጣን፣ የቀረውን የዳፕ ፍሬ በእጃችን ለቀምን፣ መደቡን አስተካክለን ጥቁር ላስቲክ ወጥረን ጠርዙን በአፈር ቀበርን። ላስቲኩ ከአፈሩ ጋር መጣበቅ አለበት። ከሥሩ አየር ካለ የሚሞቀው ላስቲኩ ነው፤ አፈሩ ብዙም አይጠቀምም። ከአሥር ቀን በኋላ ጫፉ ላይ ንጹሕ አረንጓዴ ቅጠል ወጣ። የድሮዎቹ ቅጠሎች ወይን ጠጅ እንደሆኑ ሊቀሩ ይችላሉ፤ እነሱን አትዩ፣ የምትፈርዱት በአዲሱ ቅጠል ነው።

ማዳበሪያ መጨመር ለምን እንደማይረዳ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚጎዳም እወቁ። የበዛ ፎስፈረስ ተክሉ ብረትና ዚንክ እንዳያገኝ እንቅፋት ይሆናል፤ ከዚያ አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ይሆናል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ዩሪያ ከጨመራችሁ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። ዩሪያው አፈር ውስጥ አሞኒየም ይሆናል፤ አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ግን በብርድ ይለግማሉ፤ አሞኒየሙ ተከማችቶ ሥሩን ያቃጥላል። ያልበሰለ ፍግም እንደዚያው ነው። አፈሩ እስኪሞቅ ድረስ ምንም አታብሉት።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር ልበል። ጣት ሲነካው የሚበሳ ስስ ላስቲክ አትግዙ፤ በመጀመሪያው ነፋስ ተቀዶ ሲያውለበልብ ችግኙን ይገርፈዋል። ግልጽ የሆነው ላስቲክ ከጥቁሩ ይበልጥ አፈር ያሞቃል፤ ነገር ግን ከሥሩ አረም ያሳድግላችኋል፣ እዚያ ውስጥ እጃችሁን ከትታችሁ ስትነቅሉ ትውላላችሁ። ቴርሞሜትሩንም ፈትሹት። በረዶ የተሞላ ብርጭቆ ላይ ጥቂት ውሃ አድርጉና ንከሩት፤ 0 ካላነበበ ዋጋ የለውም። አንዲት ሴት 16 ዲግሪ አነበብኩ ብላ አርባ ችግኝ ተከለች፤ ዕቃው 5 ዲግሪ ጨምሮ ነበር የሚናገረው። አርባውም ወይን ጠጅ ሆኑ።

ለመትከል የሚያበቃው አፈር 10 ሳንቲ ሜትር ላይ በማለዳ ሲለካ፣ ያውም ሦስት አራት ቀን በተከታታይ፣ 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነው ነው። ቀን በ9 ሰዓት የተለካ ሙቀት ልብ ያሞኛል። ደግሞም ቁመቱ የተመዘዘ ችግኝ ግንዱን አጥልቆ መቅበር ጥሩ ነው የሚለውን ምክር በብርድ ወቅት እንዳለ አትውሰዱት፤ ወደ ታች በተቆፈረ ቁጥር አፈሩ ይቀዘቅዛል። ግንዱን ጥልቀት በሌለው ቦይ ውስጥ አጋድማችሁ ጫፉን ብቻ ቀና አድርጉት።

አፈሩ ርጥብ ነው፣ ችግኙ ግን ጠወለገ

ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ቅጠሉ ይዝላል፤ አፈሩ ሞቅ ሲል ይመለሳል። የቀዘቀዘ ሥር ውሃ መሳብ ስላቃተው ነው፤ ቅጠሉ ግን ለፀሐይ ውሃውን እየገበረ ነው። ይህን ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ውሃ ይጨምራል። ርጥብ አፈር ለመሞቅ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ችግኙ ይበልጥ ይጠወልጋል፤ እሱም ይበልጥ ያጠጣል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚያጠጣ ሰው አጋጥሞኛል፤ መደቡ ላይ ስቆም ጫማዬ ሰመጠ።

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ስደዱ። ርጥበት ከተሰማችሁ ማጠጫውን አስቀምጡ። ስታጠጡም ረፋድ ላይ፣ በፀሐይ ውሎ ለብ ባለ ውሃ ይሁን። ማታ ማጠጣት በዚህ ወቅት ጥፋት ነው። አንዱን ችግኝ ነቅላችሁ ሥሩን እዩ፦ ነጭ ከሆነ ይድናል። ቡናማ ሆኖ፣ በሁለት ጣት ሳብ ስታደርጉት ልጡ ሸርተት ብሎ መሀሉ ላይ ክር የመሰለ ነገር ከቀረ፣ በስብሷል፤ አትድከሙ።

በአንድ ሌሊት ተቀቅሎ እንደወጣ ሆነ

ውርጭ ነው። ጠርቶና ነፋስ ጠፍቶ ባደረ ሌሊት ቅጠሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። የአየር ትንበያ የሚነግራችሁ ሙቀት ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚለካውን ነው። ስለዚህ «ዛሬ ማታ 3 ዲግሪ ነው፣ አያሰጋም» አትበሉ፤ ከመሬት ጥጉ ላይ ውርጭ ሊጥል ይችላል። ረባዳ ቦታ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል።

ሽፋኑ ፀሐይ ሳይጠልቅ ይዘርጋ፤ ጨለማ ከሆነ በኋላ የምትሸፍኑት ቀድሞ የቀዘቀዘውን ነው። ሽፋኑ እስከ መሬት ይድረስ፤ የሚያድነው ከአፈሩ የሚወጣው ሙቀት ነውና። ላስቲክ ቅጠሉን አይንካው፤ የነካውን ቅጠል ያሳርረዋል። ጨርቅ ይሻላል። ጠዋት ደግሞ አንሡት። አንሡት! አንድ ወዳጄ እያንዳንዱን ችግኝ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከድኖ ከውርጭ አተረፈና ሥራ ሄደ፤ ቀኑ በራለት። ማታ ሲመለስ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ከፕላስቲኩ ጋር የተጣበቀ ጥቁር ቅጠል ብቻ ነበር።

የተመታውን ችግኝ በዚያው ጠዋት አትቁረጡት። አራት አምስት ቀን ጠብቁ፤ ጫፉ ቢሞትም ከቅጠሉ ብብት አዲስ ቀንበጥ ሊያወጣ ይችላል።

ቅጠሉ ላይ ነጭ፣ ወረቀት የመሰለ ነጠብጣብ

በሽታ አይደለም፤ ፀሐይ ነው። ቤት ውስጥ ያደገውን ሳታለማምዱ አውጥታችሁታል። ከ7 እስከ 10 ቀን፣ በመጀመሪያ ጥላ ሥር፣ ቀስ በቀስ ማውጣት ነበረባችሁ። መድኃኒት አትርጩበት።

አንድ ስንዝር ሳይሞላ አበበ

ጠባብ ዕቃ ውስጥ ከርሞ ሥሩ ሲጠመዘዝ የኖረ ችግኝ ብርድ ሲጨመርበት እንዲህ ያደርጋል። የመጀመሪያውን የአበባ ዘለላ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ሥር ያብጅ። ቁመታቸው የተወሰነ ዝርያዎች ላይ ጉዳዩ ከባድ ነው፤ እነሱ ጫፋቸው በአበባ ሲዘጋ ማደግ ያቆማሉ፤ በብርድ ያለፈባቸውን ሳምንት መልሰው አያገኙትም። እነዚህን ቀድሞ ማውጣት ትርፉ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አበባው ከረገፈ፦ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች እየወረደ ነው፤ ጠብቁ። ፍሬው የተጨማደደና ጠባሳ ያለው ከሆነ፦ አበባው ሲፈጠር በርዶት ነበር፤ ቀጣዩ ዘለላ ይስተካከላል። ግንዱ በአፈሩ ልክ ተቆርጦ ከወደቀ፦ ቆራጭ ትል ነው፤ ዙሪያውን በጣት ጫር አድርጉ፣ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። አንገቱ ቀጥኖ ከወደቀ፦ በርጥበት የሚመጣ ሻጋታ ነው፤ የወደቀው አይነሣም።

ዘሩ ጭራሽ አልበቀለም

በቀጥታ ሜዳ ላይ ለዘራችሁ። አፈሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ቲማቲም በስምንት ቀን ገደማ ይበቅላል። 15 ላይ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። 10 ላይ ግን ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ መበስበስ ይቀድመዋል። ዘር ሻጩን ከመስደባችሁ በፊት አፈሩን ለኩ። በየቀኑ እየቆፈራችሁ አትዩት። አንድ ጎረምሳ ዘሩ ሞቶ እንደሆነ ሊያሳየኝ በጥፍሩ ቆፍሮ አወጣልኝ፤ መዳፉ ላይ ያለው ዘር ነጭ ጭራ አውጥቶ ነበር፣ ጭራውም ከመሀሉ ተሰብሯል።