የታመመና የቆሰለ ውሻን ቤት ውስጥ እንዴት እናስታምም

ቤት ውስጥ የታመመ ውሻ ሁልጊዜ በበሽታው ብቻ አይሞትም። ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ፈሳሽ አልቆበት የሚሞት አለ። ትንሽ ቁስል ላይ ፋሻ ጠብቆ ታስሮበት እግሩን የሚያጣ አለ። ባለቤቱ ለራሱ የገዛውን የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶት ኩላሊቱ የሚጎዳም አለ። ሦስቱም ሰው እየተጨነቀለት የሚደርሱ ጉዳቶች ናቸው፤ ሦስቱንም ማስቀረት ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ሐኪም አይቶት ወደ ቤት ለተመለሰ ውሻ፣ ለቀላል ሕመም፣ ወይም ሌሊት ሆኖ እስኪነጋ መጠበቅ ግድ ለሚሆንበት ጊዜ ነው።

ቤት የማይሞከሩት

ሆዱ በድንገት ተነፍቶ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ውሻ (በተለይ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ትልቅና ደረቱ ጥልቅ የሆነ) በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል አታሳድሩት። ድዱ የነጣ ወይም የጠቆረ፣ ተኝቶም ለመተንፈስ የሚታገል፣ ከ5 ደቂቃ በላይ የሚያንዘፈዝፈው፣ ሊሸና እያማጠ ጠብታ የማይወጣውም እንዲሁ ነው። መኪና የገጨው ውሻ ተነስቶ ቢሮጥ እንኳ የውስጥ ደም መፍሰስ ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል መታየት አለበት። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ቡችላ ደግሞ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ፓርቮ (ቡችላን የሚገድል ተላላፊ የአንጀት ቫይረስ) ነው ብላችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ መለካት

አፍንጫው ደረቀ፣ ጆሮው ሞቀ የሚለው ምንም አይነግራችሁም። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለሰው ትኩሳት የሆነው ለእሱ ጤና ነው። ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙና ለውሻው ብቻ ይሁን። ጫፉን ቫዝሊን ቀቡ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን አቅፎ ይያዝ፤ ጭራውን ቀና አድርጋችሁ ፊንጢጣው ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡና ቴርሞሜትሩ እስኪጮህ ጠብቁ። አርፎ ሳለ ከ39.5 ካለፈ ትኩሳት አለው፤ ከ40 በላይ ከሆነ ለሐኪም ደውሉ፤ ከ41 በላይ ወይም ከ37.5 በታች ከሆነ ሳትዘገዩ ውሰዱት።

ከዚያ ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን በጣት ጫን አድርጉ። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልሶ ሮዝ መሆን አለበት። ተኝቶ ሳለ ደረቱ ከፍ ዝቅ የሚለውን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከ30 መብለጥ የለበትም። ሁሉንም ከነሰዓቱ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ?» ሲል ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው ያ ወረቀት ነው።

ለሚያስመልሰውና ለሚያስቀምጠው ውሻ ፈሳሽ መስጠት

«ውሃ ስጡት» ማለት ቀላል ነው፤ ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነው። ያስመለሰ ውሻ ይጠማዋል። ሙሉ ሳህን ካገኘ ሳያቋርጥ ይልሰዋል፤ የተቆጣው ጨጓራ በአንዴ ሲወጠር መልሶ ያወጣዋል፤ ከውሃው ጋር የሰውነት ጨውም አብሮ ይወጣል። ባለቤቱ «ውሃ እንኳ አልረጋለት አለ» ብሎ ሳህኑን ጨርሶ ያነሳል። መሙላቱም ማንሳቱም ያደክመዋል።

ጤነኛ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያስፈልገዋል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ከግማሽ ሊትር በላይ ማለት ነው፤ ሲያስቀምጠው ደግሞ የወጣው ይደመርበታል። ይህ መጠን መግባት ያለበት በጥቂት በጥቂቱ ነው።

መጨረሻ ካስመለሰው በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጨጓራው ይረፍ፤ ለቡችላ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ስጡ። 5 ኪሎ ለሆነው ግማሹን፣ 20 ኪሎ ለሆነው እጥፉን። ሁለት ሰዓት ሳያስመልሰው ከቆየ መጠኑን እጥፍ አድርጉ፤ በየሁለት ሰዓቱ እንዲሁ እያሳደጋችሁ ሂዱ። ካስመለሰው እንደገና አንድ ሰዓት አሳርፋችሁ ከመጀመሪያው ማንኪያ ጀምሩ። ለሁለተኛ ጊዜ በማንኪያው ላይ ካስመለሰው ግን የቤቱ ሙከራ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ፈሳሹ በደም ሥር ወይም በቆዳው ሥር መሰጠት አለበት።

ከተራ ውሃ ይልቅ ከፋርማሲ የሚገዛው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ይሻላል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር ነው። ሙሉውን ፓኬት በሙሉው ውሃ በጥብጡ፤ በግምት ግማሹን ብርጭቆ ውስጥ መነስነስ አይሆንም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት። ኦአርኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ከላይ የተደለደለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። ጨው ሲበዛ ከውሃ እጦቱ የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ ማንኪያውን በቢላ ጀርባ ደልድሉ። አንዳንድ ውሻ ጣዕሙን አይወድም፤ አታስገድዱት፤ ምንም ያልገባበት የዶሮ መረቅ ወይም ተራ ውሃ ስጡት። ወተትና ለስላሳ መጠጥ ተቅማጡን ያብሱታል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም እንዳለበት ለሚታወቅ ውሻ ደግሞ ያለ ሐኪም ምክር ኦአርኤስ አትስጡ።

ራሱ ካልጠጣ መርፌው የወለቀ 10 ሲሲ ሲሪንጅ ተጠቀሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ጉሮሮው ላይ በማፍሰስ ነው። ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይገባና በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የሳንባ ምች ይከተላል። ጭንቅላቱ እንዳለ ይሁን፤ የሲሪንጁን ጫፍ ከክራንቻው ኋላ በጉንጩና በጥርሱ መካከል አስገቡ፤ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ግፉና ሲውጥ እስክታዩ ጠብቁ። ጭንቅላቱን ማንሳት ለተሳነው ወይም ራሱን ላላወቀ ውሻ በአፉ ምንም አይሰጥም።

እየተሻለው መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው። ይህ ፈተና ግን በከሲታና ባረጀ ውሻ ላይ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፤ በወፍራሙ ላይ ደግሞ ችግሩን ይሸፍናል። ድዱን መንካት ይሻላል፦ እርጥብ መሆን አለበት፤ ጣት ላይ ከተጣበቀ ፈሳሽ አንሶታል። ከሁሉም በላይ የሚታመነው ሚዛን ነው። ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ቁሙ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዘኑና ቀንሱ። 10 ኪሎ የነበረ ውሻ በአንድ ቀን 500 ግራም ከቀነሰ የሄደው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ያ ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚያስወስድ ነው።

ምግብ

ትልቅ ውሻ 12 ሰዓት ያህል ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም። ቡችላ ግን አይጾምም፤ የደም ስኳሩ ቶሎ ይወርዳል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይዝላል። እንዲህ ካያችሁት ጥቂት ማር ድዱ ላይ ቀብታችሁ ወደ ክሊኒክ ሩጡ።

ሲረጋለት ያለ ጨውና ያለ ዘይት በደንብ የበሰለ ሩዝ ከተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ጋር፣ ሁለት እጅ ሩዝ በአንድ እጅ ሥጋ፣ ቆዳውና አጥንቱ ወጥቶ። 10 ኪሎ ለሆነው በየ4 ሰዓቱ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ። ሰገራው ከጠነከረ በኋላ ሦስት ቀን ያህል ወስዳችሁ ከወትሮው ምግብ ጋር እየቀላቀላችሁ መልሱት።

አቅሙን መልሶ እንዲያገኝ ተብሎ የዶሮ ወጥ ትራፊ የሚሰጠው ውሻ ብዙ ነው። ወጡ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ፤ ጉዳቱም ከጥቂት ቀናት በኋላ በነጣ ድድና በጠቆረ ሽንት ይታያል። ሽሮም ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ያው ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ሲሰበር ስለታም ስንጥር ይሆናል።

መድኃኒት

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፦ አንዳቸውንም አትስጡ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ፈሳሽ ያነሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፓራሲታሞል ጉበቱንና ደሙን ይጎዳል። ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክም ለእሱ አይሆንም። ለእከክ ተብሎ ለከብት የተዘጋጀ የአይቨርሜክቲን መርፌ በግምት መስጠትም አደገኛ ነው፤ መጠኑ በትንሹ ሲስት የሚገድላቸው ዝርያዎች አሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትንማ ጨርሶ ተዉት፤ በቆዳውም ይገባል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል።

ቁስል

ያመመው ውሻ የሚወደውን ሰውም ይነክሳል። ከመንካታችሁ በፊት አንድ ሜትር ፋሻ አፉ ላይ ጠቅልላችሁ ከአገጩ ሥር አቆላልፉና ከጆሮው ኋላ እሰሩት። የሚያስመልሰው ወይም መተንፈስ የሚያስቸግረው ውሻ አፉ አይታሰርም።

ደም ካለ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ 5 ደቂቃ ሙሉ ሳታነሱ ጫኑ። እየገለጡ ማየት የረጋውን ደም ይቀደዋል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት። 10 ደቂቃ አልፎ ካልቆመ እየጫናችሁ ወደ ክሊኒክ።

ከዚያ ፀጉሩ ይቆረጣል። የውሻ ቆዳ ከፀጉሩ ጋር አብሮ ስለሚነሳ መቀስ በቀላሉ ይቆርጠዋል፤ በቆዳውና በመቀሱ መካከል ማበጠሪያ አስገቡ። ቁስሉን በራሰ ጎዝ ሸፍኑት፣ ፀጉር እንዳይገባበት።

ማጠቢያው በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ የሟሟ ከላይ የተደለደለ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ነው። በ20 ሲሲ ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌ፣ ከቅርብ ሆናችሁ ጠንከር አድርጋችሁ እርጩ። ለትንሽ ቁስል እንኳ ግማሽ ሊትር ሳያልቅ አታቁሙ፤ የሚያነጻው ብዛቱና ግፊቱ ነው። 10 በመቶ ቤታዲን ካላችሁ 10 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር በጥብጡ፤ ቀለሙ ቀጭን ሻይ መምሰል አለበት። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እየዳነ ያለውን ሥጋ ይገድላሉ። ቡና፣ አመድ፣ ነዳጅ ቁስል ላይ አይደረግም።

የንክሻ ቁስል ያታልላል። ከላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ነው፤ ጥርሱ ገብቶ ሲጎተት ግን ከሥር ያለው ጡንቻ ተቀዷል፣ ቆሻሻም ገብቷል። ቀዳዳው በአንድ ቀን ይዘጋል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አብጦ መግል ይይዛል። ስለዚህ አትሸፍኑት፣ አትስፉት። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 10 ደቂቃ ያዙበት፤ አንቲባዮቲኩን ሐኪም ይዘዝ። ደረት፣ አንገትና ሆድ ላይ ከሆነ ትንሽም ብትሆን ትታይ። ዝንብ በሚበዛበት ጊዜ ቁስሉን በየቀኑ ጠዋትና ማታ እዩ፤ ትል ለመያዝ አንድ ቀን ይበቃዋል።

ፋሻ

እግር ላይ ፋሻ ሁልጊዜ ከታች ከመዳፉ ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ከመሀል የጀመሩት እንደሆነ ደም ወደ ታች ይወርዳል፣ መመለሻ ያጣል፣ መዳፉ ያብጣል። በጣቶቹ መካከል ጥቂት ጥጥ አስገቡ። ቁስሉ ላይ ቫዝሊን በስሱ የተቀባ ጎዝ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ዙር ጥጥ፣ ከላይ የሚለጠጥ ፋሻ። የሚለጠጠውን ከጥቅሉ አስቀድማችሁ ፍቱና ሳትስቡ አሳርፉት። ከላይ በኩል ሁለት ጣት መግባት አለበት። የሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ጥፍር ሳይሸፈን ይቅር፤ መቆጣጠሪያችሁ እሱ ነው። ጥፍሮቹ ጎን ለጎን ከሆኑ ጥሩ፤ ከተራራቁ አብጧል፤ ከቀዘቀዙ ደም አይደርስም። የመጀመሪያውን ቀን በየ4 ሰዓቱ እዩ።

ዝም ብሎ የነበረ ውሻ በድንገት ፋሻውን መንከስ ከጀመረ አትቆጡት፤ ጠብቆታል ወይም ከሥር እየመገለ ነው፤ ፍቱት። ከራሰ ወዲያው ቀይሩ። ፌስታል ውጭ ሲወጣ ብቻ ይታሰርበት፣ ሲገባ ይፈታ። የተሰበረ አጥንት ላይ ቤት ውስጥ እንጨት አትሰሩ፤ በብርድ ልብስ ወይም በጣውላ ላይ አጋድማችሁ ውሰዱት።

ውሻ ቁስሉን ሲልስ ያድናል የሚባለው ስፌት ያስፈታል እንጂ አያድንም። የአንገት መከላከያ ካልተገኘ የላስቲክ ባልዲ ታቹ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በፕላስተር ተሸፍኖ ይሠራል፤ ከአፍንጫው 3 ሴንቲ ሜትር ማለፍ አለበት።

ፓርቮ ከነበረ

ቫይረሱ መሬት ላይ ወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። ቆሻሻውን አጥባችሁ ካነሳችሁ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩበት። ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ እዚያ ግቢ አታስገቡ።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ መንጋጋው የወደቀ፣ ጩኸቱ የተለወጠ ውሻ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። ሰው እጁን አፉ ውስጥ የሚያስገባውም ለዚህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ያለ ነውና፣ በተለይ ያልተከተበ ከሆነ፣ አትንኩት፤ ክፍል ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። ውሻችሁን የማይታወቅ ውሻ ከነከሰው ቁስሉን በጓንት እጠቡ፤ የተከተበ ቢሆን እንኳ ቶሎ ተጨማሪ ክትባት እንዲወስድ ለሐኪሙ ንገሩ። ሰው ከተነከሰ ወይም ለሃጩ የተጫረ ቆዳ ላይ ካረፈ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለምና። የነከሰውን ውሻ አትግደሉት፤ የሚቻል ከሆነ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በእነዚያ ቀናት ከታመመ ወይም ከሞተ የተነከሰውን ሰው ለሚያክመው ሐኪም ወዲያው አሳውቁ።