በዴስክቶፕ ፕሮግራም ውስጥ የማተሚያ መስኮት እንዴት እንደሚሠራ

መቀመጫዬን ደብረ ማርቆስ አድርጌ በጎጃም ለሚገኙ የእህል መጋዘኖችና አነስተኛ ቢሮዎች የዴስክቶፕ ፕሮግራሞችን እሠራለሁ። በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ ‹አትም› የሚለው አዝራር ነው። ጤፉን ወይም በቆሎውን አስረክቦ ወደ ቀየው የሚመለስ ገበሬ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ከፕሪንተር የወጣች አንዲት ወረቀት ናት፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መዝገብ ምንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን፣ በወረቀቷ ላይ ያለው ቁጥር ከተሳሳተ ለእርሱ ሁሉም ነገር ተሳስቷል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ስሞች ጃቫ ከሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው፤ በሌላ ቋንቋ የሚሠራ ሰው ስሞቹን ቀይሮ አካሄዱን እንዳለ ሊከተል ይችላል።

ደረጃ 1፦ የሚታተመውን መረጃ ከማያ ገጹ መለየት

በማያ ገጹ ላይ ያለውን ቅጽ በምስል ቀርጾ ወደ ወረቀት መላክ አቋራጭ ይመስላል፤ አልመክረውም። ተራ ማያ ገጽ በአንድ ኢንች 96 ነጥብ ያህል ሲያሳይ ተራ የቢሮ ሌዘር ፕሪንተር 600 ነጥብ ስለሚያትም፣ በዚህ መንገድ የወጣ ፊደል ጠርዙ የተሸራረፈ ይሆናል። ‹በ›ን ከ‹ቡ› የሚለየው ቅጥያ ትንሽ በመሆኑ ጉዳቱ በእኛ ፊደል ላይ ይብሳል። ስለዚህ ለወረቀቱ የሚሆነውን መረጃ፣ ማለትም ስም፣ የእህል ዓይነት፣ ኩንታል፣ ቀንና ቁጥር፣ ለብቻው ሰብስበው ያስቀምጡ።

ደረጃ 2፦ ፕሪንተሮቹን መጠየቅ

በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ እያንዳንዱ ፕሪንተር በጃቫ አጠራር አንድ ‹ፕሪንት ሰርቪስ› ነው፤ ያሉትን ፈልጎ የሚያመጣው ክፍል ደግሞ ‹ፕሪንት ሰርቪስ ሉክአፕ› ይባላል። ፍለጋው፣ በተለይ በኔትወርክ የተያያዘና በዚያ ሰዓት የጠፋ ፕሪንተር ካለ፣ ሰከንዶችን ሊወስድ ስለሚችል መስኮቱን በሚያንቀሳቅሰው ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ትእዛዞች በተራ የሚፈጸሙበት አንድ የሥራ መስመር) ላይ አይጥሩት፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት ከጀርባ እንዲፈልግ ያድርጉ። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ከመጣም ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ፤ ‹ሰርቪስ ዩአይ› የሚባለው የጃቫ የማተሚያ መስኮት ባዶ ዝርዝር ሲሰጠው ስህተት ጥሎ ይቋረጣል፤ ለተጠቃሚው ‹በዚህ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ፕሪንተር የለም› ብሎ በአማርኛ መንገር ይሻላል።

እያንዳንዱ ሰርቪስ የሚችለውንና የማይችለውን ሲጠየቅ ይመልሳል፦ በሁለቱም ፊት ያትማልን? ኤ4 ይቀበላልን? ቀለም አለውን? መልሱን ይጠቀሙበት። ፕሪንተሩ የማይችለውን ምርጫ በመስኮቱ ላይ አደብዝዞ ማሳየት፣ ተጠቃሚው መርጦት ምንም ሳይለወጥ ሲቀር ከሚያድርበት ጥርጣሬ ያድናል።

በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ወደ ፒዲኤፍ የሚያትመውን የመሰሉ ወረቀት የማያወጡ ፕሪንተሮችም ይመጣሉ። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ዊንዶውስ 10 ላይ የመጣው፣ መጨረሻ ያተሙበትን ፕሪንተር በራሱ ነባሪ፣ ማለትም ሌላ ካልተመረጠ የሚታተምበት፣ የሚያደርገው ቅንብር ነው፤ ጠዋት አንድ ሰው ሪፖርቱን ወደ ፒዲኤፍ ካስቀመጠ ከሰዓት በኋላ ደረሰኙ ወደዚያው ሊሄድ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሲስተሙን ነባሪ ፕሪንተር ፈጽሞ አላምንም። ለደረሰኝ የተመረጠውን ፕሪንተር ስም ለብቻ፣ ለሪፖርት የተመረጠውን ለብቻ በፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ አስቀምጬ በሚቀጥለው ጊዜ በዚያው እከፍታለሁ።

ደረጃ 3፦ መስኮቱን መሥራት

ጃቫ ሁለት ዓይነት ዝግጁ መስኮት ይሰጣል። ‹ፕሪንተር ጆብ› የሚባለውን ክፍል ይዘው የማተሚያ መስኮቱን ያለ ምንም ተጨማሪ መረጃ ቢጠሩት ተጠቃሚው ከሌሎች ፕሮግራሞች የሚያውቀው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መስኮት ይመጣል፤ የምርጫዎችን ስብስብ ጨምረው ቢጠሩት ደግሞ የጃቫ የራሱ መስኮት ይመጣል። ለሪፖርት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሒሳብ ሠራተኛው ከገጽ እስከ ገጽ መምረጥን፣ የቅጂ ብዛትንና የፕሪንተሩን ልዩ ቅንብሮች እዚያው ያገኛል።

ለደረሰኝ ግን ሁለቱም አይመቹም። በገበያ ቀን ከመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሰልፍ በሚኖርበት ሰዓት፣ መዝጋቢው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሃያ ምርጫዎች ያሉበት መስኮት ፊት መቆም የለበትም፤ የጃቫው መስኮትም አማርኛ የለውም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ ያሉበት ትንሽ የአማርኛ መስኮት እሠራለሁ፦ የፕሪንተሩ ስም፣ የቅጂ ብዛትና የወረቀቱ ቅድመ ዕይታ። ከሥር ‹ተጨማሪ ምርጫዎች› የሚል አዝራር አስቀምጬ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሙሉ መስኮት ለሚፈልገው እከፍትለታለሁ።

የአዝራሮቹ ስያሜ ሊታሰብበት ይገባል። በእንግሊዝኛው መስኮት ላይ ያለውን መመለሻ አዝራር ብዙዎቻችን ‹ሰርዝ› ብለን እንተረጉመዋለን፤ ነገር ግን በሒሳብና በንብረት ሥራ ላይ ‹ሰርዝ› ማለት ደረሰኙን ዋጋ ቢስ ማድረግ ማለት ነው። መዝጋቢዎች ይህን አዝራር ለመንካት ሲፈሩ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ፍርሃታቸውም ትክክል ነበር። አሁን ‹ሳታትም ተመለስ› እላለሁ። በፕሮግራሙ ውስጥ ደግሞ ተጠቃሚው ሳያትም መመለሱን ይፈትሹ፤ ሲመለስ የሲስተሙ መስኮት ‹ሐሰት› የሚል እሴት፣ ሰርቪስ ዩአይ ደግሞ ባዶ እሴት ይመልሳሉ፤ ይህ ሳይፈተሽ ቢቀር ‹አይታተም› የተባለው ይታተማል።

አንድ ፕሪንት ሰርቪስ ስለ ራሱ መግለጫ፣ ስለ አስተዳደሩና ስለ ዋና አጠቃቀሙ የራሱን መስኮቶች እንዲያቀርብ ‹ሰርቪስ ዩአይ ፋክተሪ› የሚባል መንገድ ተዘጋጅቷል። ሁሉም ፕሪንተር ስለማያቀርበው ባዶ መሆኑን ሳይፈትሹ አይጥሩት፤ እኔ ለደረሰኝ ሥራ አስፈልጎኝ አያውቅም።

ደረጃ 4፦ የወረቀቱን ልክ መወሰን

በጃቫ አዲስ ‹ፔፐር› ሲፈጠር ልኩ የአሜሪካው ሌተር ነው፤ በአራቱም በኩል የአንድ ኢንች፣ ማለትም የ25.4 ሚሊ ሜትር፣ ህዳግ ይዞ ይመጣል። እኛ የምንጠቀመው ኤ4 ወርዱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሌተር ቁመቱ 279.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ልኩን ያልቀየረ ፕሮግራም በገጹ ግርጌ የሚኖረውን የፊርማ ቦታ ይቆርጣል ወይም ወደ ሁለተኛ ገጽ ይገፋል። ኤ4ን በግልጽ ይጥቀሱ፤ ደረሰኙ ግማሽ ገጽ ከሆነ ደግሞ ኤ5ን፣ ማለትም 148 በ210 ሚሊ ሜትርን፣ ይጥቀሱ።

የመለኪያው አሃድ የኢንች አንድ ሰባ ሁለተኛ ነው፤ በዚህ ልክ ኤ4 ወደ 595 በ842 ይሆናል። መነሻ ነጥቡ የወረቀቱ ጥግ እንጂ የሚታተምበት ቦታ ጥግ ስላልሆነ፣ መሳል ከመጀመርዎ በፊት መነሻውን ወደሚታተምበት ቦታ ያዛውሩ። ይህን የረሳ ሰው ግራው የተቆረጠ ገጽ ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱን በፕሪንተሩ ላይ ያደርጋል።

ደረጃ 5፦ ገጹን የሚስለው ክፍል

እዚህ ላይ ሳልቸኩል እጽፋለሁ፤ ትልቁን ጥፋቴን ያጠፋሁት በዚህ ደረጃ ነውና።

ጃቫ ገጹን እንዲስልለት አንድ ክፍል ይጠይቃል፤ ‹ፕሪንተብል› ይባላል። የገጹን ቁጥር ከዜሮ ጀምሮ እየሰጠ ‹ይህን ገጽ ሳልልኝ› ይለዋል፤ ክፍሉም ገጹን ስሎ ‹ገጹ አለ› ወይም ‹እንዲህ ያለ ገጽ የለም› ብሎ ይመልሳል። አንድ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅ ይመስላል። እውነታው ግን የማተሚያው ሥርዓት ያንኑ ገጽ ሁለት ጊዜም፣ ከዚያም በላይ ሊጠይቅ የሚችል መሆኑ ነው፤ አንዴ በገጹ ላይ ምን ዓይነት ሥዕል እንዳለ ለማወቅ፣ ሌላ ጊዜ በእርግጥ ለማተም ይጠይቃል። ቅድመ ዕይታውም በዚሁ ክፍል የሚሳል ከሆነ፣ ተጠቃሚው መስኮቱን ባሰፋና ባጠበበ ቁጥር እንደገና ይጠራል።

እኔ ይህን ሳላውቅ የደረሰኙን ተራ ቁጥር የሚጨምረውን መስመር በዚሁ ክፍል ውስጥ ጻፍኩት። በምፈትንበት ጊዜ መረጃ ቋቱን በየጊዜው አጽድቼ እጀምር ስለነበር ሁልጊዜ የሚወጣው ደረሰኝ ቁጥር 2 ነበር፤ ቁጥር 1ን ቅድመ ዕይታው ወስዶት ይሆናል ብዬ ሳልመረምር አለፍኩት። ፕሮግራሙን ቢቸና አካባቢ ላለ አንድ የጤፍ መጋዘን አስረከብኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መዛግብቱ ሲመረመሩ የወጡት ደረሰኞች ቁጥር አንዱን እየዘለለ፣ አልፎ አልፎም ሁለትና ሦስት እየዘለለ ተገኘ። በንብረት ቁጥጥር ደንብ የጎደለ ተራ ቁጥር የጎደለ ወረቀት ነው፤ የጎደለ ወረቀትም ሳይመዘገብ የወጣ እህል ተደርጎ ሊታይ ይችላል። በደጀን በኩል ዞሬ እዚያ ስደርስ፣ መጋዘኑን ዕድሜያቸውን ሙሉ በታማኝነት የጠበቁት አባት ፋይሉን ከፊቴ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ያልታተመውን ወረቀት ከየት አምጥቼ ላሳይ?» አሉኝ። ምክንያቱን በጽሑፍ አስረድቼ፣ የፕሮግራሙን የሥራ መዝገብ አባሪ አድርጌ፣ ፈርሜ ሰጠሁ፤ ስማቸው የጸዳውም በዚሁ ነው። ሆኖም በእኔ አንድ መስመር ምክንያት እኚህ ሰው ለቀናት ሲጠየቁ መሰንበታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ገጹን የሚስለው ክፍል መሳል ብቻ ይሁን። ቁጥር አይጨምር፣ መረጃ ቋት አይንካ፣ ሰዓት አይጠይቅ፤ በመጀመሪያው ጥሪና በሦስተኛው ጥሪ መካከል ሰዓቱ ቢቀየር እንኳ የሚወጣው ገጽ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ይህ የሚሆነው ለወረቀቱ የሚያስፈልገው ሁሉ ከማተሙ በፊት ተሰብስቦ፣ ከዚያ በኋላ ሊቀየር በማይችል ነገር ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ተራ ቁጥሩ የሚመደበው ተጠቃሚው ‹አትም› ሲል በመረጃ ቋቱ ውስጥ በአንድ ግብይት፣ ማለትም ወይ ሙሉ በሙሉ በሚፈጸም ወይ ጨርሶ በማይፈጸም አንድ ሥራ፣ ነው፤ ቅድመ ዕይታው ላይ በቁጥሩ ቦታ ‹ሲታተም ይሰጣል› የሚል ጽሑፍ ይታያል። ወረቀቱ ቢበላሽ ቁጥሩ ተመልሶ ለሌላ አይሰጥም፤ ‹የተበላሸ› ተብሎ በመዝገቡ ላይ ይቆያል።

ፊደሉም የሚወሰነው በዚሁ ደረጃ ነው። በራሴ ኮምፒውተር ላይ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ተጠቅሜ ነበር፤ በዊንዶውስ 10 ግን ኒያላ ተጨማሪ አማራጭ ሆኖ በነባሪነት ስለማይጫን፣ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ጃቫ በሌላ ፊደል ተክቶት የፊደሉ ስፋት ተቀየረ፤ የኩንታሉ አሃዝም ከሠንጠረዡ መስመር ወጣ። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ በነፃ ፈቃድ የሚሰራጩ ስለሆኑ የፎንቱን ፋይል ከፕሮግራሙ ጋር አብረው ያሽጉና ከፋይሉ ይጫኑት። የሲስተሙን ፎንት በስሙ መጥራት ለአማርኛ ሰነድ አስተማማኝ አይደለም።

ደረጃ 6፦ መላክና መከታተል

የሚያትመውን ትእዛዝ ከጀርባ በሚሠራ ትሬድ ላይ ያስኬዱ፤ አለበለዚያ ረጅም ሪፖርት እስኪላክ ድረስ መስኮቱ ደርቆ ይቆይና ተጠቃሚው ‹ተበላሽቷል› ብሎ ይዘጋዋል።

ትእዛዙ ያለ ስህተት ተመለሰ ማለት ሥራው ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወረፋ ተላለፈ ማለት ነው፤ ወረቀቱ ስለመውጣቱ ምንም አይናገርም። መብራት ሊጠፋ፣ ወረቀት ሊቀረቀር፣ ቀለም ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ‹ታትሟል› የሚል መልእክት አላሳይም፤ ‹ወደ ፕሪንተሩ ተልኳል› እላለሁ፤ ቀጥሎም ‹ደረሰኙ በትክክል ወጥቷል?› ብሎ የሚጠይቅ ሁለት አዝራሮች ያሉት መስመር አሳያለሁ። መዝጋቢው ‹አዎ› ሲል ደረሰኙ ‹የወጣ› ተብሎ ይመዘገባል። መልስ ሳይሰጥ መብራት ቢጠፋ ፕሮግራሙ እንደገና ሲከፈት ያንኑ ጥያቄ ያቀርባል፤ ያንኑ ደረሰኝ ዳግም ማተም ካስፈለገም ቁጥሩ ሳይቀየር በጉልህ ‹ዳግም የታተመ› የሚል ጽሑፍ ይወጣበታል።

ደረጃ 7፦ በወረቀት ላይ መፈተን

ወረቀት ለመቆጠብ አስቀድመው ወደ ፒዲኤፍ እያተሙ ይፈትኑ፤ በዚያ ብቻ ግን አያስረክቡ። ፒዲኤፍ እስከ ጠርዝ ድረስ ይቀበላል፤ ብዙዎቹ የቢሮ ሌዘር ፕሪንተሮች ግን በየጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ ይተዋሉ። በሙከራ ገጹ ላይ ርዝመቱ በትክክል 100 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ አግድም፣ አንድ ቋሚ መስመር ይሳሉና ወረቀቱ ሲወጣ በማስመሪያ ይለኩት፤ 97 ወይም 103 ከመጣ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት እየጨመቀው ወይም እየለጠጠው ነው፤ ያንን ቅንብር ያጥፉ። ልኬቱን የሚያደርጉት ደረሰኙ ዘወትር በሚታተምበት ፕሪንተር ላይ፣ መዝጋቢው ራሱ ተቀምጦ፣ በተከታታይ ቢያንስ አሥር ደረሰኞችን እያተመ ይሁን፤ ከዚያም አሥሩን ወረቀቶች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ደርድረው ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።