ደብተር ይዞ ቸርች መሄድ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እሁድ ጠዋት በአዲስ አበባ ዳር ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ ታክሲ የሚጠብቁትን ሰዎች እዩ። መጽሐፍ ቅዱስ የያዘው ብዙ ጊዜ ደብተርም ይዟል። ስብከቱን ለምን እንደሚጽፉ ብትጠይቁ መልሱ እንደየሰዉ ነው። አንዱ ቶሎ ይረሳል። አንዷ ረቡዕ ማታ በቤት ለቤት ኅብረት ቃል የማካፈል ተራዋ ደርሷል። ሌላው እንቅልፍ እንዳያሸንፈው ይጽፋል። ይሄም አያሳፍርም፤ ሌሊቱን ጥበቃ አድሮ ከሥራ በቀጥታ የሚመጣ አለ። በሰርክ (በማታ) ጉባኤ ላይ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የሚቀመጡ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም አሉ።

ለእኔ ትልቁ ምክንያት የሐዋርያት ሥራ 17፥11 ላይ ያለው ነው። የቤርያ ሰዎች የሰሙት ነገር እውነት መሆኑን ለማየት በየዕለቱ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። የሰማውን ያልያዘ ሰው ምኑን ይመረምራል? ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ዋናው ስህተት ሁሉንም ለመጻፍ መሮጥ ነው። ሰባኪው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ እናንተ የመጀመሪያውን እየጨረሳችሁ ነው። እጃችሁ ይሠራል፣ ጆሯችሁ ግን ተዘግቷል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ5ኛው መጀመሪያ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያና በቁስጥንጥንያ ሲሰብክ ቃሉን እየተከታተሉ የሚይዙ ፈጣን ጸሐፊዎች ነበሩ። ብዙ ስብከቱ ለእኛ የደረሰው በእነሱም ድካም ነው። እነሱ ግን ለዚያው የሠለጠኑ ነበሩ፤ የአጭር ምልክት ጽሕፈት ሥራቸው ነበር። እናንተ ለመስማት ነው የመጣችሁት። ቃል በቃል ከፈለጋችሁ ዛሬ ብዙ ስብከት ማታውን ዩቲዩብ ወይም ቴሌግራም ላይ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሙለርና ኦፐንሃይመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በላፕቶፕና በእጅ የሚጽፉ ተማሪዎችን አወዳድረው ነበር። በላፕቶፕ የጻፉት ብዙ ቃል፣ ያውም እንዳለ፣ ገለበጡ። ሐሳቡን የሚፈትን ጥያቄ ሲመጣ ግን ያነሰ ውጤት አመጡ። በኋላ የተደገሙ ጥናቶች ልዩነቱን ያን ያህል ጠንካራ ሆኖ አላገኙትም፤ ስለዚህ ላፕቶፑን አንኮንን። የሚጠቅመን መገልበጥ ማለት መረዳት አለመሆኑ ነው። አንድ ነጥብ እስኪያልቅ ስሙ፤ ከዚያ በራሳችሁ ቃል አንድ መስመር ጻፉ። እ/ር፣ ቤ/ክ፣ መ/ቅዱስ እያሉ ማሳጠርም ይረዳል። በከተማው ዳር ባሉ አንዳንድ አዳራሾች ደግሞ ስብከቱ በኦሮምኛና በአማርኛ እየተቀባበለ ይተረጎማል። ሁለቱንም የምትሰሙ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፦ በመጀመሪያው ስሙ፣ ሲተረጎም ጻፉ።

ጥቅሱን በቁጥር ብቻ መያዝ ሌላው ነው። ይሄኛው ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን ያደናግራል። ሰባኪው «መዝሙር 23» አለ፣ ጻፋችሁ። ቤት ገብታችሁ የእናታችሁን መዝሙረ ዳዊት ስትከፍቱ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» እዚያ የለም። እሱ 22 ላይ ነው። ማንም አልተሳሳተም። የግእዙ መዝሙር የሰብዓ ሊቃናትን ትርጉም፣ ማለትም ጥንታዊውን የግሪክኛ ብሉይ ኪዳን፣ ይከተላል፤ በዚያ ቆጠራ መዝሙር 9 እና 10 አንድ ናቸው። ሰባኪው የተከተለው የዕብራይስጡ ቆጠራ ግን ይለያቸዋል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ አብዛኛው መዝሙር በአንድ ቁጥር ይዛነፋል። «አቤቱ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» ለአንዱ 50፣ ለሌላው 51 ነው። ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩበት ቤት ይሄ ለክርክር ይበቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከቁጥሩ ጎን የጥቅሱን መነሻ ሦስት ቃል ጻፉ። ሰባኪው ቸኩሎ ቁጥር ቢያዛባም በእነዚያ ቃላት ታገኙታላችሁ።

ስለ ስልክ ብዙ አልልም። ስልክ ላይ መጻፍ ኃጢአት አይደለም። ዳታውን አጥፉት። ካልሆነ ከሁለተኛው ነጥብ በኋላ ቴሌግራም ውስጥ ናችሁ። የአዳራሹን ስክሪን ፎቶ ማንሳትም ማስታወሻ መያዝ አይደለም፤ ጋለሪያችሁን ከፍታችሁ ስንቱን መልሳችሁ እንዳያችሁት ቁጠሩ።

በአሥራት ፖስታ ጀርባ መጻፍም ይቅር። ፖስታው ከነማስታወሻው ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ከባዱ ስህተት። ሰባኪው ያለውን፣ መጽሐፉ የሚለውንና እናንተ ያሰባችሁትን ቀላቅሎ መጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ስትገልጡ ማን ምን እንዳለ አይለይም። ከዚያ «ፓስተር እንዲህ ብሏል» ተብሎ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። ፓስተሩ ግን አላለም። የጥንቱ የእስክንድርያ መምህር ኦሪጀን ስብከቱ እንዲጻፍ የፈቀደው ዕድሜው ከ60 ካለፈ በኋላ እንደነበር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ጽፏል። ዛሬ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቢያንስ ምልክት እናድርግ። ከላይ ቀንና የሰባኪው ስም ይጻፍ። ጥቅስ በትምህርተ ጥቅስ ይሁን። የራሳችሁን ሐሳብ ዳር ላይ አድርጉ። ያጠራጠራችሁ ነገር ካለ፣ በተለይ «ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» የሚል ታሪክ ከመጣ፣ የጥያቄ ምልክት አድርጉበትና ቤት ገብታችሁ አጣሩ። ይህ ሰባኪውን መናቅ አይደለም። ጥሩ ሰባኪ እንዲህ ያለ አድማጭ ደስ ይለዋል።

የሰው ምስክርነትም እንደ ስብከት አይጻፍም። እህት ቆማ ስለ ትዳሯ ወይም ስለ ሕመሟ የተናገረችው ለዚያ ጉባኤ ነው። የጸሎት ርዕሱን ያዙ፣ ስሟን ተዉት። ደብተር ይጠፋል፣ ታክሲ ላይ ይረሳል፣ ልጆችም ያነቡታል። አዲስ ሰፈር ቢሆንም ሁሉም ይተዋወቃል።

ጽፎ አለመመለስም አለ። አምስት ደብተር ሞልቶ አንዱንም ያልገለጠ ሰው ታውቃላችሁ። ሰኞ ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ያልገባችሁንም አሳጥራችሁ የጻፋችሁትንም ያኔ መፍታት ይቻላል፤ ወር ካለፈ የራሳችሁ ጽሕፈት የሌላ ሰው ይሆናል።

ክረምት ላይ ደግሞ የቆርቆሮ አዳራሽ ጣጣ አለ። ዝናቡ ሲወርድ ሰባኪው አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። መብራት ከሄደማ ማይኩም የለም። ብዙ ሰው ያኔ በግምት ይሞላል፤ «ይሄን ሊል ነው» ብሎ ራሱ ይሰብካል። አትገምቱ። ባዶ መስመር ተዉና በኋላ ጠይቁ።

ስትጠይቁ ደብተር የያዘውን ብቻ አትፈልጉ። «ያልጻፈ አልሰማም» ብሎ ማሰብ ራሱ ስህተት ነው። እስክሪብቶ ይዘው የማያውቁ እናቶች አሉ፤ እሁድ ከሰዓት ቡና ላይ ስብከቱን ከመነሻው እስከ ጸሎቱ ይነግሯችኋል። እማማ አጠገብ ተቀመጡና «እዚያ ጋ ዝናቡ ሲመጣ ምን አለ?» በሏቸው። ባዶው መስመር እዚያው ይሞላል።