ለሽልማት የሚገባን ሰው እንዴት መጠቆም ይቻላል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚጽፉ

በሳይንስ፣ በትምህርትና በባህል የሚሰጡ ሽልማቶች የሚገቧቸው ሰዎች በደሴም በኮምቦልቻም አሉ። ብዙዎቹ ሳይታወቁ የሚቀሩት ሥራቸው አንሶ ሳይሆን በወጉ የጠቆማቸው ሰው ባለመኖሩ ነው። ዳኞች እጩውን በአካል አያውቁትም፤ የሚመዝኑት እጃቸው የገባውን ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ሽልማቱን ይምረጡ፤ ማን መጠቆም እንደሚችልም ያጣሩ። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት እጩዎችን ከሕዝብ ጥቆማ የሚቀበል ሲሆን፣ መምህርነት፣ ሳይንስ፣ ኪነ ጥበብ እንዲሁም ቅርስና ባህል ከዘርፎቹ መካከል ናቸው። የስዊድኑ ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትም ለማንኛውም ጠቋሚ ክፍት ነው። የዩኔስኮ የማንበብና መጻፍ ትምህርት ሽልማቶች ግን ጥቆማ የሚቀበሉት በአባል አገራት መንግሥታት ወይም ከድርጅቱ ጋር ይፋዊ አጋርነት ባላቸው ማኅበራት በኩል ነው። ለኖቤል ደግሞ ራስን መጠቆም አይፈቀድም። ይህን ሳያጣሩ መጻፍ መጀመር ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ እጩውን ያስፈቅዱ። በወሎ ስለ ራስ መናገር እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ አንዳንድ አባት «ለአላህ ብዬ የሠራሁትን ለሰው አላሳይም» ሊሉ ይችላሉ። ጥቆማው ሥራቸውን ለሚቀጥሉት ደቀ መዛሙርት እንደሚጠቅም በሽማግሌ ማስረዳት ተገቢ ነው፤ እምቢ ካሉ ግን መተው ይገባል።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው፦ እጩው ምን እንደሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረምና ድርቅን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው፤ ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ በቃሉ ቆላ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ የዚህን ሥራ ክብደት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድን ለተጋሩበት ሥራ መነሻ የሆናቸው፣ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ማየታቸው ነበር፤ ቀንድ አውጣዎቹ የብልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉ በመሆናቸው፣ እነሱን የሚገድለው እንዶድ በሽታውን ለመከላከል ያገለግላል። በሁለቱም ችግሩ፣ የተገኘው መፍትሔና የተጠቃሚው ማንነት በግልጽ ይታያል። «ትውልድን የቀረጸ ታላቅ መምህር» የሚለው ግን ለማንም ይስማማል፤ ለማንም የሚስማማ ደግሞ ዳኛን አያሳምንም። በእሱ ፋንታ መምህሩ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ከወዳደቀ ዕቃ ምን መሣሪያ እንደሠራ፣ ስንት ክፍል እንደተጠቀመበትና የተማሪዎቹ ውጤት ከዚያ በፊትና በኋላ ምን እንደነበር ይጻፉ፤ ውጤቱንም ከትምህርት ቤቱ በማኅተም ያስወጡ።

የባህል እጩ ሲሆን ማስረጃ መሰብሰብ ይከብዳል። የመንዙማ አዋቂ ዕውቀቱን የተቀበለው ከሸሁ አፍ በመሆኑ ሰርተፍኬት አይኖረውም፤ ግጥሙም ቢጻፍ በዓጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ በኪታብ ውስጥ ይሆናል። ስለዚህ ዜማውን በስልክ ቢሆንም እንኳ ጸጥ ባለ ቦታ ይቅረጹ፤ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ፣ ከማን እንደተማረና ለማን እንዳስተማረ በጽሑፍ ያያይዙ፤ ኪታቡንም ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ ፎቶ ያንሱ። ባቲንና አምባሰልን በማሲንቆ የሚጫወት ባለሙያም በዚሁ መንገድ ሊቀርብ ይችላል። በእኔ አስተያየት በሚገባ የተዘጋጀ ቅጂ ከአሥር ገጽ ሙገሳ ይበልጣል።

የድጋፍ ደብዳቤ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፤ ነገር ግን ከተለያየ ወገን ይሁን። አንዱ ከሥራው ከተጠቀመ ሰው፣ ሌላው ዘርፉን ከሚያውቅ ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ ስላለው የሙያ ምስክር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዘመድ ደብዳቤ ባይገባ ይሻላል። ደብዳቤ ሰጪዎቹ ራሳቸው ያዩትን ብቻ እንዲጽፉ ይንገሯቸው፤ አንድ ዓይነት ቃል የሚደጋግሙ ደብዳቤዎች በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስላሉ።

ከማስገባትዎ በፊት የእጩውን ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ፤ ለውጭ ሽልማት ከሆነ ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይቀይሩ። የሰነዱን ሙሉ ቅጂ ያስቀሩ፤ ዘንድሮ ካልተሳካ አዲሱን ሥራ ጨምረው ለሚቀጥለው ዙር የሚያቀርቡት እሱኑ ነው።