ገዢው ለአለቃው የሚደግመው ታሪክ፦ ትረካን በሽያጭ ገለጻ ላይ መጠቀም

የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶች በተሰባሰቡበት በሰንጋ ተራ፣ ወይም በሜክሲኮና በስታዲየም ዙሪያ ባሉት የቢሮ ሕንፃዎች ገለጻ ለማቅረብ የሚገባ ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት የሚያገኘው የግዢ ኃላፊውን ወይም የአንድ ክፍል ባለሙያን ነው። እኚህ ሰው ገለጻውን በጥሞና ቢሰሙም የመጨረሻው ፊርማ የእርሳቸው አይደለም። ሻጩ ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ ጉዳዩን ለዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ለግዢ ኮሚቴው ወይም ለባለ ድርሻዎቹ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ማስረዳት የሚጠበቅባቸው እርሳቸው ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ከተመለከቷቸው ስላይዶች አብዛኞቹ ከአእምሯቸው ወጥተዋል። ስለዚህ ለሽያጭ ገለጻ ታሪክ ሲያዘጋጁ ሊያስጨንቅዎት የሚገባው ጥያቄ አድማጩ ይህን ታሪክ እኔ በሌለሁበት ሳያዛባ ሊደግመው ይችላል ወይ የሚለው ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ በቢሮ ተቀምጦ አይገኝም። በቅርብ የሚያውቁት ዕቃውን የገጠሙትና ለጥገና የሚመላለሱት ቴክኒሻኖች ስለሆኑ በመጀመሪያ እነርሱን ማነጋገር ይጠቅማል፤ ከዚያ ወደ ደንበኛው መሄድ ነው። ደንበኛውን «በዕቃው ረክተዋል?» ብሎ መጠየቅ ግን ብዙ አያስገኝም፤ በእኛ አገር ጨዋነት መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ሆኖ ያልቃል። ከዚህ ይልቅ ስለ አንድ የተወሰነ ቀን ይጠይቁ፦ ዕቃውን ለመግዛት የወሰኑት ምን ባጋጠመዎት ማግስት ነው? በዚያ ዕለት ጠዋት መጀመሪያ ያወቀው ማን ነበር? ምን አደረገ? ዛሬ ያው ነገር ቢደርስ ምን ይሆናል? ሰው ስለ አንድ ቀን ሲጠየቅ ያየውን ይናገራል፤ የሻጭ ታሪክም የሚሠራው ከታየ ነገር ነው።

ለማሳያ ያህል ለፋርማሲዎች የመብራት መጠባበቂያ ኢንቨርተርና ባትሪ የሚሸጥ ድርጅት እንውሰድ። የተለመደው ገለጻ የመሣሪያውን ኃይል፣ የባትሪውን ዓይነትና የዋስትናውን ዘመን በመዘርዘር ይጀምራል። ሻጩ ያንኑ ጉዳይ እንዲህ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል፦

«መሐል ከተማ ያለ አንድ ፋርማሲ ቅዳሜ ማታ ተዘጋ። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ እሑድም ቀኑን ሙሉ አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ፋርማሲስቷ በሩን እንደከፈተች ቀጥታ የሄደችው ወደ ማቀዝቀዣው ነው። ቴርሞሜትሩ 17 ዲግሪ ያሳያል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሙቀቱ ከ8 ያለፈው መቼ እንደሆነ ግን ማወቅ አልቻለችም፤ መዝገቡ ላይ ያለው የመጨረሻ ቁጥር የቅዳሜ ማታው ነው። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አውጥታ ‹አይሸጥም› ብላ ጻፈችባቸውና ለብቻ አስቀመጠቻቸው። ይህን እያደረገች ሳለ ለእናቱ ኢንሱሊን የሚገዛ ወጣት ባንኮኒው ጋ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ዛሬ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ወዲያው ወደ ባትሪ ይዞራል። ባለፈው ሰኞ መዝገቡ ላይ የጻፈችው 5 ነው።»

ይህ ታሪክ ለትምህርት የተዘጋጀ ነው፤ እርስዎ የሚናገሩት ግን በእርግጥ የደረሰ መሆን ይኖርበታል። ሲነገር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ባለ ጉዳይዋ ፋርማሲስቷ ናት፤ መሣሪያው የሚመጣው መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ድርጅትዎ እንዴት ተመሥርቶ እንዴት እንዳደገ የሚተርክ ገለጻ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለገዢው የሚደግመው ነገር አያተርፍለትም። 17 እና 5 የሚሉት ቁጥሮች ደግሞ አድማጩ ይዟቸው የሚወጣቸው ናቸውና፣ ለማነጻጸሪያ ከተጠቀሰው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በቀር፣ ታሪኩ ላይ ሌላ ቁጥር አይጨምሩ። የኪሎዋቱ ዝርዝር ቦታው ከፕሮፎርማው ጋር የሚያያዘው ሰነድ ነው።

ያው ታሪክ እንደ አድማጩ በተለያየ በር ይገባል። ፊትዎ የተቀመጡት የፋይናንስ ኃላፊ ከሆኑ ለብቻ የተቀመጡት ካርቶኖች ላይ ይቆዩ፤ ደንበኛው ከፈቀደ የተወገደው መድኃኒት ስንት ብር እንደነበር ይናገሩና ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ማነጻጸሩን ለእርሳቸው ይተዉት። የቴክኒክ ባለሙያ ከሆኑ መብራቱ በጠፋበትና ማቀዝቀዣው ወደ ባትሪ በዞረበት ቅጽበት መካከል ምን እንደሚከናወን፣ ባትሪውም ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ማወቅ ይፈልጋሉ። ባለቤቱ ራሳቸው ከሆኑ ደግሞ ባንኮኒው ጋ የቆመው ወጣት ከሁሉም ይበልጥ ይገባቸዋል፤ ባዶ እጁን የሄደ ደንበኛ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታልና። እውነታው ሳይለወጥ ትኩረቱ ይለዋወጣል፤ ለዚህም ታሪኩን አስቀድሞ በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል።

ታሪኩ የሚነገርበት ሰዓትም ሊታሰብበት ይገባል። ሰላምታው ተገቢውን ጊዜ ይውሰድ፤ ቡና ከቀረበም ይጠጣ። ከዚያ የእነርሱን ችግር ጠይቀው ከሰሙ በኋላ፣ ዋጋ ከመነሣቱ በፊት፣ ታሪኩን ይናገሩ። ዋጋ አንዴ ከተነሣ ጨዋታው ሁሉ ወደ ቅናሽ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ታሪክ የማባበያ ያህል ይቆጠራል። ከስላይድ አያንብቡ፤ አድማጩን እያዩ በቃል ይናገሩት። በገለጻው መካከል መብራት ቢጠፋና ፕሮጀክተሩ ቢዘጋም ታሪኩ አይቋረጥም።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምጠነቀቅለት ነገር ልምጣ። መሐል አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሙያ ያሉ ሰዎች ይተዋወቃሉ። ስም ሳይጠሩ ሰፈሩን፣ የሥራውን ዓይነትና ጊዜውን ከተናገሩ አድማጩ ስለ ማን እንደሚያወሩ ሊደርስበት ይችላል። በዚያች ቅጽበት ታሪኩ ሐሜት ይሆናል፤ አድማጩም ነገ የእኔን ጉድለት ለሌላ ገዢ ይነግርብኛል ብሎ ማሰቡ ተገቢ ነው። ስለዚህ ምን ምን እንደሚናገሩ ለደንበኛው ገልጸው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ካልፈቀደ ታሪኩን ይተዉት። ማጋነንም ሆነ ያልደረሰ ነገር መጨመር የዋዛ ጉዳይ አይደለም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃና አገልግሎት አሳሳች መረጃ መስጠትን ይከለክላል። ሌላው ጥንቃቄ የዋጋ ነገር ነው፦ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 በፊት የገዛ ደንበኛ ታሪክ ሲናገሩ ያኔ የከፈለውን ዋጋ አያንሡ፤ ገዢው በዚያ ሒሳብ ይጠብቅዎታል።

በመንግሥት ጨረታ የሚመዘነው ሰነዱ ስለሆነ ይህ ሁሉ ብዙ አያግዝም፤ እዚያ ድካምዎን መስፈርቱን በማሟላት ላይ ያውሉት።

ታሪኩ መዘጋጀቱን ለማረጋገጥ ከሽያጭ ክፍል ውጪ ላለ ባልደረባ፣ ለምሳሌ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ ጊዜ ይንገሩትና በማግስቱ እንዲደግምልዎ ይጠይቁት። ከአፉ የጠፋው ነገር ምናልባት ለታሪኩ አያስፈልግም ነበር፤ አዛብቶ የተናገረው ደግሞ ግልጽ አልነበረምና ያስተካክሉት። በገለጻው ቀን ከፕሮፎርማው ጋር ታሪኩ በአምስትና በስድስት መስመር በአማርኛ የተጻፈበት አንድ ገጽ ይተዉላቸው፤ ደንበኛው ፈቅዶ ከሆነ ደውለው የሚያረጋግጡበት ስልክም ይኑርበት። መልሰው ሲደውሉ «ተወሰነ ወይ?» ከማለት ይልቅ አለቃቸው ምን ጥያቄ እንዳነሡባቸው ይጠይቋቸው፤ መመለስ ያቃታቸው ጥያቄ ካለ ለሁለተኛው ቀጠሮ የሚያዘጋጁት እርሱን ነው።