የግፊትና የስኳር መድኃኒት ወጪን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ወጪው መቀነስ የሚጀምረው ማዘዣው ሲጻፍ ነው። ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መድኃኒቱ በጀነሪክ ስሙ ይጻፍልኝ፤ እዚሁ መድኃኒት ቤት አለ ወይ፤ ከሌለ ወይም ከአቅሜ በላይ ከሆነ በምን ይተካልኛል? አቅም የለኝም ማለት አያሳፍርም። ሰው የሚጎዳው ዝም ብሎ ወጥቶ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ነው።

ጀነሪክ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው። በንግድ ስሙ ኖርቫስክ የሚባለው የግፊት መድኃኒት አምሎዲፒን ነው፤ ግሉኮፋጅ የሚባለው የስኳር መድኃኒት ደግሞ ሜትፎርሚን። ማዘዣው ላይ «አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ በቀን 1» ተብሎ ከሰፈረ፣ ፋርማሲስቱ ከተመዘገቡት ውስጥ ረከስ ያለውን ሊሰጥዎት ይችላል።

ማዘዣውን ይዘው መጀመሪያ የታከሙበትን የመንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ይጠይቁ። እዚያ ከጠፋ አዲስ አበባ ውስጥ ከነማ ፋርማሲ፣ ቅርንጫፍ ባለበት ከተማ ደግሞ የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ይሞክሩ። የግል ፋርማሲ የመጨረሻው ይሁን። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ስለተወደደ፣ አምና የገዙበትን ዋጋ ይዘው አይሂዱ፤ ሁለት ሦስት ቤት ደውለው ይጠይቁ።

ሲጠይቁ «ፓኬቱ ስንት ነው?» ሳይሆን «በፍሬ ስንት ነው?» ይበሉ። ለምሳሌ አንዱ ቤት 28 ፍሬ ያለውን ፓኬት 420 ብር፣ ሌላው 30 ፍሬ ያለውን 435 ብር ቢልዎት፣ የመጀመሪያው በፍሬ 15 ብር፣ ሁለተኛው 14 ብር ከ50 ነው። ርካሽ የመሰለው ተወደደ ማለት ነው። ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ የሚወስድ ሰው ለ30 ቀን 60 ፍሬ ያስፈልገዋል፤ ሂሳቡን በዚህ ያስሉ። የብዙ ወር አከማቻለሁ ካሉ በየስትሪፑ ላይ ያለውን የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ አስቀድመው ይመልከቱ።

ትልቁን ኪኒን ገዝቶ ለሁለት መክፈል አንዳንዴ ያዋጣል። መሃሉ ላይ የመክፈያ መስመር ያለው የአምሎዲፒን 10 ሚሊግራም ፋርማሲስቱ ከፈቀደ ሊከፈል ይችላል። ስሙ አጠገብ ኤስአር (SR)፣ ኤክስአር (XR) ወይም ኢአር (ER) የሚል ያለበት ግን በፍጹም አይሰበርም። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ስለሆነ ሲሰበር የሙሉ ቀኑ መጠን ባንዴ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ኢንሱሊን ላይ ብዙ ሰው ይከስራል። 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ከሆነ፣ 1000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 30 ዩኒት የሚወጋ ሰው በሂሳብ 33 ቀን ይበቃዋል። በቀን 15 ዩኒት የሚወጋ ግን 66 ቀን ላቆየው ቢል አይሆንም፤ ከተከፈተ በኋላ እንደ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ትክክለኛው ጊዜ በመመሪያው ላይ አለ። የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ያልተከፈተውን ፍሪጅ መሃል መደርደሪያ ላይ ያኑሩ፤ በረዶ ቤት ገብቶ ከረጋ ቢቀልጥም ይጣላል። ውድ የሆነውን ግላርጂን የተባለ ኢንሱሊን ኤንፒኤች (NPH) በተባለው ርካሽ ኢንሱሊን መቀየር ይቻላል፣ መጠኑንና ሰዓቱን ግን ሐኪም ነው የሚያስተካክለው። በራስዎ ከቀየሩ ስኳርዎ ሌሊት ሊወርድ ይችላል።

በሻንጣ የመጣ፣ ካርቶኑ የጠፋ፣ በላስቲክ ተቆጥሮ የሚሸጥ መድኃኒት ቢረክስም አይግዙ። ከጠረጠሩ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ይደውሉ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ በየዓመቱ የእድሳት ጊዜው ሳያልፍ ያድሱ፤ ካለፈ በዚያ መሃል የታመሙበት ከኪስ ነው። ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ሪፈር ሳይጻፍልዎ ቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው እርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መድኃኒቱ ተቋሙ ውስጥ ካለቀ ማለቁን ማዘዣው ላይ ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት ይጠይቁ፣ መድኅኑ ውል የገባበት ፋርማሲ መኖሩንም ያጣሩ። ውጭ ከገዙ ደረሰኙን ከማዘዣው ቅጂ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ፤ ክፍያ የሚመለስበት አሠራር ካለ ያለ ሁለቱ ወረቀቶች አይስተናገዱም።